ሽሮው ሲሞቅ ዘፈኑ ለምን ተቆራረጠ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ነው። ከምሳ የተረፈ ሽሮ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከተትኩና ሁለት ደቂቃ ሞላሁለት። ጆሮዬ ላይ ሽቦ አልባ ኢርፎን አለ። ስልኬ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው። የምሰማው የትዝታ ዘፈን ደግሞ ልብ የሚነካው ቦታ ላይ ደርሷል። ማይክሮዌቩ መዞር ሲጀምር ዘፋኙ መንተባተብ ጀመረ። ቆረጥ፣ ቀጠል፣ ደግሞ ቆረጥ። ደወሉ "ቲን" ሲል ዘፈኑ እንደ ድሮው ሆነ።

መጀመሪያ ኢርፎኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በርካሽ ስለገዛሁት ብዙም አልተገረምኩም። በማግስቱ ሻይ ሳሞቅ ግን ያው ተደገመ። ጥፋተኛው ማይክሮዌቩ ነው ማለት ነው።

አጭሩ መልስ እንዲህ ነው። ማይክሮዌቩና ኢርፎኑ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ይሄ ማለት ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ይህ ቁጥር ነው ፍሪኩዌንሲ የሚባለው። አንዱ በዚህ ሞገድ ወጥ ያሞቃል፣ ሌላው በዚያው ሞገድ ዘፈን ይልካል።

ረጅሙ መልስ የሚነሳው ከሊቨርፑል ወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ሁለት መርከቦች ከዚያ ተነስተው ወደ ካናዳ አቀኑ። አንደኛዋ በሰላም ደረሰች። ሁለተኛዋ ሳትደርስ ቀረች። የእኔ ማድቤት ውስጥ የተጣሉት ሁለት ዕቃዎች ታሪካቸው ከነዚህ ሁለት መርከቦች ጋር የተያያዘ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የደረሰችው መርከብ

ስሟ ዳቸስ ኦፍ ሪችመንድ ነው። የተነሳችው በኦገስት መጨረሻ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ጊዜው ለእንግሊዝ ክፉ ነው። ፈረንሳይ እጅ ሰጥታለች። የጀርመን አውሮፕላኖች ሰማዩን ይዘውታል። ፋብሪካዎቿ ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ። እንግሊዝ ያኔ ያደረገችው ነገር ዛሬም ይገርመኛል። ያላትን ትልልቅ ወታደራዊ ምስጢር ሰብስባ፣ ገና ጦርነቱ ውስጥ ላልገባችው አሜሪካ በነፃ ለመስጠት ወሰነች። በምላሹ የፈለገችው የአሜሪካን የማምረት አቅም ነው። ልዑኩን የመራው ሰር ሄንሪ ቲዛርድ ስለነበር ጉዞው በእሱ ስም ይጠራል።

ምስጢሩ የታሸገው ጠበቆች ሰነድ በሚያስቀምጡበት ዓይነት ጥቁር የብረት ሣጥን ነው። ሊቨርፑል የማድረስ ኃላፊነቱ የወደቀው ኤድዋርድ ቦወን በሚባል የ29 ዓመት ዌልሳዊ የፊዚክስ ባለሙያ ላይ ነበር። ለንደን ባቡር ጣቢያ ሲደርስ አንድ ኩሊ ሣጥኑን አንስቶ ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ወደ ባቡሩ መገስገስ ጀመረ። ቦወን ከኋላ እየተጋፋ ሣጥኑን በዓይኑ መከተል ብቻ ነው የቻለው። የአንድ መንግሥት ምስጢር በኩሊ ትከሻ ላይ በሰው መሃል ብቅ ጥልቅ ሲል አስቡት።

ከሣጥኑ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር መዳፍ ላይ የሚያርፍ የመዳብ ቁራጭ ነበር። ማግኔትሮን ይባላል። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉ ተመራማሪዎች በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሠሩት።

አሠራሩን ለመረዳት ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አስቡ። አፉ ላይ አግድም እፍ ስትሉበት "ሁውው" ይላል። ትንፋሹ ራሱ ድምፅ የለውም። ድምፁ የሚወጣው በጠርሙሱ ባዶ ሆድ ውስጥ ያለው አየር በራሱ ልክ ሲርገበገብ ነው። ጠርሙሱ ትንሽ ከሆነ ድምፁ ይቀጥናል። ማግኔትሮንም እንደዚሁ ነው። የመዳቡ መሃል ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ። ዙሪያውን ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች ከበውታል። ከመሃል ካለው የጋለ ብረት ኤሌክትሮኖች ይወጣሉ። ማግኔት ያጠማዝዛቸውና በክብ እየተሽከረከሩ በትንንሾቹ ቀዳዳዎች አፍ ላይ ያልፋሉ። እነሱ ትንፋሹ ናቸው። ቀዳዳዎቹ ጠርሙሶቹ ናቸው። የሚወጣው ግን ድምፅ ሳይሆን የሬዲዮ ሞገድ ነው።

ይሄ ለምን ያን ያህል ተፈለገ? ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ፣ ነጥሮ ሲመለስ ሩቅ ያለን ነገር የሚያይ መሣሪያ ነው። የእንግሊዝ የመጀመሪያዎቹ ራዳሮች የሚጠቀሙት በሜትር የሚለካ ረጅም ሞገድ ነው። ረጅም ሞገድ ትልቅ አንቴና ይፈልጋል። ጥቃቅን ነገርም አጥርቶ አያይም። ማግኔትሮኑ ግን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የምታጥር፣ በዚያ ላይ ጉልበት ያላት ሞገድ አወጣ። ራዳር ድንገት አውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሆነ። ከባሕር በላይ አንገቱን ብቻ ያወጣ ሰርጓጅ መርከብ በጨለማ መታየት ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ወሬ አለች። አሜሪካኖቹ ማግኔትሮኑን ለመቅዳት ሲነሱ በራጅ አዩት። ቀዳዳዎቹ ስምንት ናቸው። አብሮ የመጣው ሥዕል ላይ ግን ስድስት ነው ያሉት። ቦወን ሲጠየቅ እሱም ግራ ገባው። ለካስ እንግሊዞቹ በተለያየ የቀዳዳ ብዛት ሲሞክሩ ቆይተው፣ ሥዕሉ ከአንዱ፣ ዕቃው ከሌላው ተነስቶ ሣጥን ውስጥ ገብቷል። ዕቃው መሥራቱን ስላዩ ስምንቱን ቀዱት።

ማግኔትሮን በብዛት ካመረቱት ድርጅቶች አንዱ የአሜሪካው ሬይቲዮን ነው። እዚያ ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል ሰው ነበር። ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠ፣ ኤሌክትሮኒክስን በራሱ ያጠና ሰው ነው። በ1945 ሥራ ላይ ካለ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ ያለ ቸኮሌት ቀለጠ ይባላል። ሌላ ሰው ቢሆን ሱሪዬ ተበላሸ ብሎ ያማርር ነበር። እሱ የፈንዲሻ በቆሎ አስመጣ። በቆሎው ፈንዲሻ ሆነ። ቀጥሎ እንቁላል ተሞከረ። እሱም ፈነዳ፤ ጠጋ ብሎ ሲያይ በነበረ ባልደረባው ፊት ላይ።

ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ ከሰው ቁመት የሚስተካከልና ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነበር። ለቤት የሚሆን አልነበረም። ቀላልና ርካሽ ሆኖ ቤት እስኪገባ 20 ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ብዙ ሰው የሚያምናት አንዲት የተሳሳተች ነገር አለች። "2.4 ጊጋኸርዝ የተመረጠው ውሃ በዚያ ልክ ስለሚንቀጠቀጥ ነው" ይባላል። አይደለም። የውሃ ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። ሞገዱ አቅጣጫውን በቀየረ ቁጥር ሞለኪውሉም ፊቱን ለማዞር ይታገላል። ግፊያው ሙቀት ይሆናል። ይሄ ደግሞ በሌሎች ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችም ይሆናል። 2.4 የተመረጠበት ምክንያት የቢሮ ጉዳይ ነው። በ1947 አገሮች አትላንቲክ ሲቲ ላይ ተሰብስበው ሞገዶችን ሲከፋፈሉ፣ ይህን ክልል መልእክት ለማያስተላልፉ ማሽኖች ተዉት። ለማሞቂያ፣ ለፋብሪካ፣ ለሕክምና መሣሪያ። እዚያ ሬዲዮ የሚከፍት ሰው ጩኸቱን ችሎ ይኑር ተባለ።

በሌላ አነጋገር 2.4 ጊጋኸርዝ ጉሊት ነው። ኤፍኤም ጣቢያ ፈቃድ ያለው፣ ቁጥሩ የታወቀ ሱቅ አለው። ጉሊት ላይ ግን ፈቃድ የለም፣ ግብር የለም፣ "ቦታዬ ነው" ብሎ መክሰስ የለም። የመጣ ሁሉ ዘርግቶ ይቀመጣል። ማይክሮዌቭ እዚያ ቀድሞ የተቀመጠ፣ ድምፁ ሰፈር የሚያናጋ ነጋዴ ነው።

ያልደረሰችው መርከብ

ሲቲ ኦፍ ቤናሬስ ከሊቨርፑል የተነሳችው ሴፕቴምበር 13 ቀን 1940 ነው። ከቦምብ ለማሸሽ ወደ ካናዳ የሚላኩ 90 ልጆች ነበሩባት። ከአራት ቀን በኋላ፣ በሌሊት፣ ዩ-48 የተባለ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ፣ ውሃ ውስጥ ለውስጥ በሚሄድ ፈንጂ፣ መታት። ከ90ዎቹ ልጆች 77ቱ አለቁ። ከዚያ በኋላ ልጆችን በመርከብ የማሸሹ ሥራ ቆመ።

ወሬው ሆሊውድ ደረሰ። እዚያ አንዲት የፊልም ተዋናይት ነበረች፤ ሄዲ ላማር። የዚያ ዘመን ጋዜጦች የዓለም ቆንጆ ይሏት ነበር። ቪየና ውስጥ በ1914 ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች ስትሆን የቤት ስሟ ሄድዊግ ኪስለር ነው። ገና 19 ሳይሞላት ፍሪትዝ ማንድል የሚባል ባለጸጋ አገባች። ማንድል የጥይት ፋብሪካ ባለቤት ነው። ከሙሶሊኒ ጋርም የቀረበ ግንኙነት ነበረው። ዓመቱን ልብ በሉ፤ 1933 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሙሶሊኒ ወደ እኛ ነው የመጣው።

ማንድል ቀናተኛ ነበር። ሚስቱን ከቤት አያስወጣም። ግን እራት ላይ አጠገቡ ያስቀምጣታል። እንግዶቹ ጄኔራሎችና መሐንዲሶች ናቸው። ስለ ቶርፔዶ፣ ስለ መሣሪያ አመራር ያወራሉ። ቆንጆዋ ሚስት ትሰማለች ብሎ የጠረጠረ ያለ አይመስልም። በ1937 ጠፍታ ለንደን ገባች። ከዚያ አሜሪካ። ቀን ቀረጻ፣ ማታ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ስዕልና መፍቻ። ውሃ ውስጥ ስትጣል ለስላሳ መጠጥ የምትሆን ኪኒን ሞክራ ነበር። አልተሳካም።

ልጆቹ ባለቁበት ሰሞን ከጆርጅ አንታይል ጋር ተገናኘች። አንታይል የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ያውም አስቸጋሪ ዓይነት። ቀደም ሲል 16 በራሳቸው የሚጫወቱ ፒያኖዎችን ባንድ ላይ የሚያስጮህ ሥራ ደርሶ ነበር። እነዚህ ፒያኖዎች በጣት አይነኩም። ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ የወረቀት ጥቅል ውስጣቸው ይዞራል። ቀዳዳው በደረሰ ቁጥር አንዱ ቁልፍ ይመታል። የአንታይል ራስ ምታት 16ቱን እኩል ማስኬድ ነበር። ይህ ራስ ምታት በኋላ ጠቀመው።

የሁለቱ ጥያቄ ቶርፔዶን ከተተኮሰ በኋላ በሬዲዮ መምራት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ይቻላል። ግን ጠላት ትእዛዙ የሚሄድበትን ፍሪኩዌንሲ ካገኘ በዚያው ላይ ሌላ ጩኸት ይለቃል። ቶርፔዶው ይደነቁራል።

ይሄ ማፈን ምን እንደሚመስል ለእኛ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የውጭ ጣቢያ ሲሰማ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ዜናው ሊጀምር ሲል ያ "ሿሿሿ" የሚል ድምፅ ይመጣል። አባት ራዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ መዘውሩን ቀስ አድርጎ ያዞራል። ጣቢያው በሌላ ሜትር ባንድ ብቅ ይላል። ጥቂት ቀን ሰላም ይሆናል። አፋኙ ደርሶ እዚያም ይጮሃል። ጣቢያው ደግሞ ይሸሻል።

የሄዲና የአንታይል ሐሳብ ይህንኑ ሽሽት በፍጥነት ማድረግ ነው። በወር ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ አይደለም፤ በየቅጽበቱ። ላኪው መርከብ አንዷን ትእዛዝ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይጀምርና በሌላ ይቀጥላል። ደግሞ ይዘላል። ጠላት አንዱን ሲያገኝ ወሬው ሌላ ቦታ ሄዷል። ልጆች ሳለን የምናወራት የወፍ ቋንቋ ቃሉን ነው የምትደብቀው። ይሄ ግን ቃሉን ሳይሆን ቦታውን ይደብቃል።

ግን ተቀባዩስ? ቶርፔዶው ውስጥ ያለው ሬዲዮ ቀጥሎ ወዴት እንደሚዘለል በምን ያውቃል? እዚህ ጋ ፒያኖው ገባ። አንድ ዓይነት ቀዳዳ ያለባቸው ሁለት የወረቀት ጥቅሎች ይዘጋጃሉ። አንዱ መርከቡ ላይ፣ ሌላው ቶርፔዶው ውስጥ። እኩል ይነሳሉ፣ በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ። ቀዳዳው ቁልፍ መምታቱ ቀርቶ ፍሪኩዌንሲ ይቀይራል። በሰነዱ ላይ ጥቅሉ እስከ 88 ረድፍ ሊኖረው እንደሚችል ተጽፏል። 88 የፒያኖ ቁልፎች ቁጥር ነው። ተንኮልም ጨምረውበታል። ላኪው አንዳንዴ ቶርፔዶው በማይሰማባቸው ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ባዶ ትእዛዝ ይልካል። ጠላት እሱን ሲያሳድድ ይውላል።

በእኛ ቋንቋ ለዚህ የሚሆን ቆንጆ ቃል አለ። መቃኘት እንላለን። ክራር ይቃኛል። ጠላት ያለበትን የሚያስስ ጦርም ይቃኛል። ሁለቱ ሰዎች የሠሩት ቅኝቱን እየቀያየረ ከቃኝ የሚያመልጥ ሬዲዮ ነው።

ፓተንቱ (የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫው) ኦገስት 11 ቀን 1942 ተሰጣቸው፤ ቁጥሩ 2,292,387 ነው። የእሷ ስም የሁለተኛ ባሏ ስም ታክሎበት ሄዲ ኪስለር ማርኪ ተብሎ ሰፍሯል። ስለዚህ ፓተንቱን የገለጠ ሰው የፊልም ኮከቧ መሆኗን አያውቅም።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል መደርደሪያ ላይ ወረወረው። አንታይል በኋላ ሲጽፍ፣ ሰዎቹ "ፒያኖ" የሚለውን ቃል ሲያዩ ቶርፔዶ ውስጥ ፒያኖ የምንከት መሰላቸው ብሎ ቀልዷል። እኔ ግን ባሕር ኃይሉን ትንሽ እረዳዋለሁ። በዚያ ሰዓት የራሱ ተራ ቶርፔዶዎች እንኳ በትክክል አይሠሩም ነበር። ማርክ 14 የሚባለው ከታሰበው በታች ጠልቆ ይሄዳል፤ ዒላማውን መትቶም ሳይፈነዳ ይቀራል። ችግሩ ተለይቶ እስኪስተካከል 1943 ሊያልቅ ደርሷል። የማይፈነዳ ቶርፔዶ ላይ ሬዲዮ መጨመር ምን ይረባል?

ለሄዲ የተነገራት መልኳን ይዛ ቦንድ እንድትሸጥ ነው። ሸጠችም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር። ቦንድ ሽያጭ ላይ ታዋቂ ሰው ምን እንደሚሠራ እኛም ከህዳሴ ግድቡ እናውቃለን።

እንግዲህ ዋይፋይን የፈለሰፈችው እሷ ናት?

በየዓመቱ የሴቶች ቀን ሲደርስ ፌስቡክ ላይ "ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ጂፒኤስን የፈለሰፈችው ተዋናይት" የሚል ፎቶ ይዞራል። ልክ አይደለም።

ጂፒኤስ ፍሪኩዌንሲ አይዘልም። ምልክቱን በአንድ ፍሪኩዌንሲ ዙሪያ በኮድ በትኖ ይልካል። ዘዴው የመዝለል የአጎት ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ራሱ ግን አይደለም። ዋይፋይ በ1997 ሲጀመር መዝለልን እንደ አንድ አማራጭ ይዞ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተወው። ዛሬ ቤታችሁ ያለው ዋይፋይ አይዘልም። በትክክል የሚዘለው ኢርፎኔን ከስልኬ ጋር የሚያገናኘው ብሉቱዝ ነው።

ሐሳቡም ከእነሱ በፊት ነበር። ኒኮላ ቴስላ በ1903 ባገኘው ፓተንት ከአንድ በላይ ፍሪኩዌንሲ በመጠቀም ሬዲዮን ከረብሻ ስለመከላከል ጽፏል። ፖላንዳዊው ሊዮናርድ ዳኒሌቪች በ1929 ለአገሩ ጦር ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ቪሌም ብሩርትየስ የተባለ ሆላንዳዊ በ1932 የአሜሪካ ፓተንት አግኝቷል።

ታዲያ የሄዲና የአንታይል ምኑ ነው? ሁለቱን ወገኖች እኩል የማስኬዱ መላ፣ ለቶርፔዶ ማዋሉ፣ የማታለያው ትእዛዝ፣ እስከ ጥቅሉ ድረስ የተሰላ ማሽን። ለአንዲት ተዋናይትና ለአንድ ሙዚቀኛ የትርፍ ጊዜ ሥራ ይሄ ብዙ ነው። ዋይፋይ ላይ መለጠፍ አያስፈልገውም።

ፓተንቱ በ1959 ጊዜው አለፈ። አንታይልም የሞተው በዚያው ዓመት ነው። ሳንቲም አላገኙበትም። ሄዲ በ1997 ሽልማት ተሰጣት፤ 82 ዓመቷ ነበር። በጃንዋሪ 2000 አረፈች። በጀርመንና በኦስትሪያ የፈልሳፊዎች ቀን የሚከበረው ልደቷ በሚውልበት በኖቬምበር 9 ነው።

ጉሊቱ ሲከፈት

መዝለል ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የወታደር ነገር ሆኖ ቆየ። የአሜሪካ እግረኛ ጦር ሬዲዮ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ ይዘላል። ለተራው ሰው በሩን የከፈተው የ1985 ውሳኔ ነው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ጉሊቱን ለሬዲዮ ፈቀደ። ፈቃድ ሳታወጡ መልእክት ላኩ፤ ግን ጉልበታችሁን ቀንሱ፣ አንድ ቦታም አትርጉ አለ። መዝለል ወይም መበተን ግዴታ ሆነ።

በ1994 የስዊድኑ የስልክ ኩባንያ ኤሪክሰን ሉንድ ከተማ ውስጥ ስልክን ከሌላ ዕቃ ጋር ያለ ሽቦ የማገናኘት ሥራ ጀመረ፤ በኋላ ብሉቱዝ የተባለው ይሄ ነው። ያፕ ሃርትሰን የሚባል ሆላንዳዊ መሐንዲስ ትልቁን ሥራ ሠራ። ስሙን ያወጣው ግን የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ የኢንቴል ሰው ጂም ካርዳክ ነው። ስለ ቫይኪንጎች እያነበበ ሳለ ሃራልድ ብሉቱዝ የሚባል የዴንማርክ ንጉሥ አገኘ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን አንድ ያደረገ ንጉሥ ነው። ካርዳክ ይሄ ስልክና ኮምፒውተርን አንድ ያደርጋል ብሎ ለጊዜው ስሙን ተዋሰው። ሌላ ስም ሳይገኝ እሱው ጸና። ምልክቷም የንጉሡ ስም ሁለት መነሻ ፊደላት በጥንት ጽሕፈት ተደራርበው ነው። ብሉቱዝ ሰማያዊ ጥርስ ማለት ነው። የሞተ ጥርስ ነበረው ይባላል። እኛ ጋ ቢሆን "ድዱን ተነቅሶ ይሆናል" ብለን እናልፈው ነበር።

የስም ነገር ካነሳን አንድ የእኛም አለ። አስመራ ላይ አሜሪካኖች እስከ 1977 ድረስ ትልቅ የሬዲዮ መጥለፊያ ጣቢያ ነበራቸው። ቃኘው ስቴሽን ነው ስሙ። ስሙ የተወሰደው ኮሪያ ከዘመተው ቃኘው ሻለቃ ነው። የሻለቃው ስም ደግሞ ከራስ መኮንን ፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው። የሰው ሬዲዮ ሲቃኝ ለሚውል ጣቢያ ከዚህ የተሻለ ስም ቢፈለግም አይገኝም።

ብሉቱዝ ጉሊቱን በ79 ጠባብ መደቦች ይከፍለዋል። በሴኮንድ 1600 ጊዜ ይዘላል። አንድ መደብ ላይ አንድ ሺኛ ሴኮንድ እንኳ አይቆይም። የወረቀት ጥቅል የለም። ስልኩና ኢርፎኑ ሲተዋወቁ የስልኩን መለያ ቁጥርና ሰዓቱን ይቀባበላሉ። ከነዚህ ተነስተው ሁለቱም ቀጣዩን መደብ ለየራሳቸው ያሰላሉ። አንድ ዓይነት ስሌት ስለሆነ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከ2003 ወዲህ ደግሞ ብልሃት ተጨመረ። ጫጫታ ያለበት መደብ ተለይቶ ይሰረዛል። ቢያንስ 20 መደብ እስካለ ድረስ በቀሪዎቹ ይዘላል።

ይሄ ሁሉ ካለ የእኔ ዘፈን ለምን ተቆረጠ?

አንደኛ የጉልበት ልዩነት ነው። ማይክሮዌቩ እስከ 1000 ዋት ይለቃል። የኢርፎን ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሺኛ ዋት ነው። በሩ ላይ ያለው ባለ ነጠብጣብ መረብ ሞገዱን ይይዘዋል። ሞገዱ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስላለው በዚያች ጠባብ ቀዳዳ አያልፍም። ግን ከመቶ ሺህ አንድ እጁ ቢያፈተልክ እንኳ ከኢርፎኑ ድምፅ ይበልጣል። ለጤና የሚያሰጋ መጠን አይደለም። ለሙዚቃ ግን በቂ ነው። የማግኔትሮኑ ሞገድ ደግሞ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። የቱ መደብ ይሰረዝ?

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነው። ስልኩ ሳሎን፣ እኔ ማድቤት። ጀርባዬን ለስልኩ ሰጥቼ ሽሮው ላይ ነው ያፈጠጥኩት። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ እንደሚውጥ ከላይ አይተናል። ለብሉቱዝ እኔና ሽሮው አንድ ነን።

አሁን ሳሞቅ ስልኩን የደረት ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። ዘፈኑ ዳግም አልተቆረጠም። ሽሮው ግን አሁንም ዳር ዳሩ ይንተከተክና መሃሉ ቀዝቃዛ ነው።